ሙያ የሚለው መስመር

ቀበሌ ከፊቴ የተሰለፉት እናት መታወቂያ ሊያሳድሱ ነው የመጡት። ክር የገባባቸው ሁለት መርፌዎች ቀሚሳቸው ደረት ላይ ሰክተዋል። የሰው ጨርቅ ሳይዳስሱ አያወሩም፤ የእኔንም ኮት እጅጌ ሳያስፈቅዱ አገላብጠው አዩና በሐዘኔታ ለቀቁልኝ።

ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው በመስኮቱ፣ «እማማ፣ ሙያ?» አላቸው።

«የተቀደደ ልብስ እጠግናለሁ።»

«የተማሩበት ወረቀት አለዎት?»

«የምን ወረቀት! መርፌ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው የቤት እመቤት ልበል።»

«እንዳትል!» አሉት። ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቆመ፤ የእኔማ ድሮም ቆሞ ነበር። «እናቴ መርፌ ያስያዘችኝ ጊዜ አንድ ቀን ‹ባለሙያ› ብላኛለች። ከእሷ ወዲያ ማንም ብሎኝ አያውቅ። እስቲ ወረቀቱ እንኳ ይበለኝ።»

በእኛ ሰፈር ባለሙያ የሚባለው ወይ ድስት የሚያውቅ ነው ወይ ዲግሪ የሰቀለ። በመሀል ያለው ሰው ምን እንደሚባል አስቤም አላውቅ።

«ታዲያ ሥራዎን ያሳዩኛ» አለ ጸሐፊው።

«ክሩን ከዚያው ከልብሱ እጥፋት መዝዤ ነው የምሠራው። ከታየማ አበላሸሁት ማለት ነው።» ክንዳቸውን በመስኮቱ አስገቡለት። «ይህ እጅጌ አራት ቦታ ተቀዶ ነበር። ፈልግ፣ ልጄ።»

ጸሐፊው መነጽሩን ጠርጎ ፈለገ። ባልደረባውን ጠርቶ አብረው ፈለጉ። ምንም የለም። ከዚያ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ «ሙያ፣ የልብስ ጥገና ባለሙያ።»

«አልሰማሁም» አሉት።

ሁላችንም ሰምተናል፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ደግሞ አነበበላቸው።