ደህናው ዓይኔና የቅንጭብ ወተት

መርሳ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ የወጣው ደመወዜ እንጂ ምላሴ አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ከጎረቤቴ የሚለየኝን የቅንጭብ አጥር ልከረክም ወጣሁ። እሷ በወዲያ በኩል ጉሎዋን ትለቅማለች። ዝም ብዬ መቁረጥ ስችል፣

"የያዝሽው ጉሎና ይሄ ቅንጭብ እኮ ዘመዳሞች ናቸው። ቁልቋልም ብሳናም እዚያው አስተኔ፣ እዚያው የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው" አልኋት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ብሳና ከቁልቋል ጋር? አንዱ ጥላ፣ አንዱ እሾህ!"

"የዕፅዋት ዝምድና በመልክ አይደለም፤ በአበባና በፍሬ ነው። የጉሎሽን ፍሬ ፈልቅቂው፣ ሦስት ክፍል አለው። የቁልቋልም የብሳናም እንደዚያው።"

"የቅንጭቡስ?"

እዚህ ላይ "አላየሁም" ብል ምን ነበረበት? ቅንጭብ ሲያፈራ በዕድሜዬ አላየሁም። ግን መምህር ነኝና ፍሬ ባይኖረው አበባ ፈልጌ ላሳያት ተነሣሁ። ለቅርብ ያለ መነጽር ይሻለኛል ብዬ አወለቅሁት፤ ቅርንጫፉን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቀነጠስሁት። ወተቱ ተፈናጥሮ ዓይኔ ገባ። ያውም ደህናው! ግራውንማ ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። "የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል" እያልሁ ስንቱን ተማሪ ያስፈራራሁት እኔ ነበርሁ።

"ያ ረቢ! ምራቴን ልጥራት፣ አራስ ናት፤ የጡት ወተት ያበርደዋል!"

"በስተርጅና ጡት ልጥባ? ውሃ አምጪ!"

ጀሪካን ሙሉ አፈሰሰችብኝ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ። እዚያም ደጋግመው አጠቡኝ፤ ቅባት አድርገው ሸፈኑት። "በሦስተኛው ቀን እናየዋለን" አለች ነርሷ። ይድናል አላለችም።

ግድግዳ እየዳበስሁ ሰነበትሁ። ሻይ ሳፈስስ ከብርጭቆው ይልቅ ጭኔ ጠጣ። ያኔ ግን አልቀለድሁም፤ ፈርቼ ነበር።

በቀጠሮዬ ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። መጀመሪያ ጭጋግ፤ ቀጥሎ ነጭ ጋዋን፤ መነጽሬን ሳደርግ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ፊደላት። "በቃ" እስክትለኝ ድረስ አነበነብሁላት። ጭነት እንደ ወረደለት አህያ መሬት ላይ መንከባለል አማረኝ።

"ለመሆኑ እንዴት ገባብዎት?"

"አጥር ስከረክም" አልሁ ኮስተር ብዬ።

ይዛኝ የመጣችው ጎረቤቴ ከበሩ ሆና፣ "ኧረ የአጥሩን ዘር ሲቆጥሩልኝ ነው!" አለች።

ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ። እንባው አላቃጠለኝም።