የጋሼ ገብረየስ በሽተኛ

ጋሼ ገብረየስ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሊንደን በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ከንግሥትና ከሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከያኤል ጋር ይኖራሉ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናሉ። በወጣትነታቸው ግን መንግሥት ኪየቭ ልኳቸው ስድስት ዓመት ሥዕል የተማሩ ሰው ናቸው። ይህን ከእድራችን አባላት ስንቶቻችን እናውቃለን? ጠይቀናቸው አናውቅማ!

የመመረቂያ ሥዕላቸው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ቁመቱ የደህና ልጅ ቁመት ያክላል። አንዲት ትንሽ ልጅ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም፣ አንገቷ በሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሏል፣ ብብቷ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። የተማሪዎች ማደሪያው ጽዳት ሠራተኛ ልጅ ነበረች። እናቷ ከሥራ መቅረት ስለማትችል፣ ልጅቱ ከነትኩሳቷ ኮሪደር ላይ ትውል ነበር።

በዚያ የሶሻሊዝም ዘመን ሸራ ላይ የሚወጣ ልጅ አብዛኛው ቀይ ሻርፕ አስሮ የሚስቅ ነበር፤ ጉንፋን የሚይዘው የለም። ፈታኞቹም፣ «የኛ አገር ልጅ እንዲህ አትኮሳተርም! ፊኛ አስይዛት፣ አስቃት» አሏቸው።

«አተኩሷታል» አሉ ገብረየስ። «ሲሻላት ትስቃለች።»

ከአምስት ሦስት ሰጧቸው።

ኖቬምበር 2020 በኮሮና ምክንያት የያኤል ትምህርት በኮምፒውተር ነበር። ንግሥት የቀን ሺፍት ትሠራለች። ጋሼን ለወራት ያሰናበታቸው መጋዘን ደግሞ ለሰኞ ጠራቸው፤ ካልሄዱ ሥራው ለሌላ ሰው ነው። ታዲያ ያኤል ከማን ጋር ትዋል? ይህን ጥያቄ ይዘው ቅዳሜ የእድራችን ዙም ስብሰባ ላይ ገቡ።

«ጋሼ፣ ሚውት ላይ ነዎት!» አለች ጸሐፊያችን ሰብለ።

ሚውቱን አነሱና ልጅ የሚጠብቅላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ደገሙት። አንዱ «እግዜር ያውቃል ጋሼ» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። እድራችን ለሞተ ሰው አንደኛ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ሲቸግረው ግን ኔትወርኩ ይበላሻል። እኔም ካሜራዬን ዘግቼ ቁርሴን እበላ ነበር።

ስብሰባው እንዳለቀ ሰብለ ኮል አደረገችኝ።

«ከኋላቸው የተቀመጠችውን አየሃት? ቴርሞሜትር ይዛለች እኮ! አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም!»

«ያኤል ናት?»

«ሌላ ማን ትሆናለች? ከሕመሙ ብዛት ገርጥታ ነጭ ሆናለች!»

አልፈርድባትም። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ሁላችንም አፋችንን እንደከፈትን ደርቀን እንቀር ነበር፤ ከእኛ ይልቅ እሷ ሰው ትመስል ነበር።

ሰብለ ለሁሉም ደውላ ኖሮ፣ እሑድ ጠዋት የጋሼ ግቢ እኔን ጨምሮ ማስክ ባጠለቀ ሰው ሞላ። ልጅ ጠብቁ ሲባል የጠፋ ሕዝብ፣ ልጅ ታመመች ሲባል ነጎደ። እድርተኛችን ኢድሪስ ሬይኖልድስበርግ ከሚባለው ሩቅ ሰፈር አንድ ሳጥን ብርቱካን ጭኖ መጣ። ሰብለ የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛለች።

«አላህ ያሽራት ጋሼ!» አለ ኢድሪስ።

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ! ለምን ይደብቁናል?»

ይሄኔ ያኤል ከአያቷ ጀርባ ብቅ አለች፤ ቀይ ጉንጭ፣ ጤነኛ። ሰብለ ደንግጣ በመስኮቱ ወደ ሳሎን ጠቆመች።

«ታዲያ ያቺ ማን ናት?»

ያኤል በሳቅ ፈረሰች። «ኢትስ ጀስት አ ፔይንቲንግ!»

ኢድሪስ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። «ወላሂ ሥዕል ናት» አለ። ሰብለ ድስቷን እንደታቀፈች ወደ መኪናዋ ዞረች።

«ድስቱን አስቀምጪው» አሉ ጋሼ። «ያቺ አትበላም፤ ይቺ ትበላለች። ነገ ጠዋት ብቻዋን ትቻት ልሄድ ነው። ለሸራ ይህን ያህል ከነዳችሁ፣ ለሥጋና ለደም ስንት ማይል ትነዳላችሁ?»

ግቢው ውስጥ ካሜራ የሚዘጋበት ቁልፍ የለም።

«ሰኞ ኦፍ ነኝ» አለ በመጨረሻ ኢድሪስ።

«ማክሰኞና ረቡዕ ከቤት ነው የምሠራው፤ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ» አለች ሰብለ።

«ሾርባውስ?»

«ኤጭ ጋሼ! አስቀመጥኩት!»

ዓርብን ንግሥት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሺፍት ልትቀያየር ሆነ። ሐሙስ ቀረ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሐሙስ ልብስ የማጥብበት ቀን ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያኤል ብርቱካን እየላጠች ቀና ብላ ስታየኝ ዘጋሁት።

«እሺ፣ ሐሙስ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሂሳብ ግን አልችልም።»

«ሚ ኒዘር» አለችኝ፤ ለካ እሷም አትችልም።