እንዳልተነካ ማድረግ

ባሌ ባትላሜራ ነው። የተጨረማመተ መኪና ይመጣለታል፤ ቀጥቅጦ፣ አቃንቶ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ቀለም ቀብቶ ምንም እንዳልነካው አድርጎ ይመልሰዋል። ባለቤቱ ራሱ መኪናው የቱ ጋ እንደተመታ ይጠፋዋል። በዚህ የሚስተካከለው የለም። ችግሩ፣ ሙያውን በር ላይ ትቶ አይገባም። እኔ ስቆጣ «እሺ»፣ ጣሪያው ሲያፈስ «ይደርቃል»፣ እህቱ ስታኮርፍ «ይለቃታል»። በቃ፣ ተለስኖ አለፈ።

የበኩር ልጃችን በመኪና አደጋ ሲሞትም ያው ነው። ሰባራዋን መኪና ጋራዡ ድረስ አስጎተታት፤ ሰንብቶባት ሰንብቶባት እንደ አዲስ አድርጎ ሸጣት። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔ ካነሳሁ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል። እንዲህ ውሃ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ስንት ዓመት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» እንዲል። ሲያቅተኝ አንጀት የለውም ብዬ ተውኩት። ጠልቼውም ነበር።

ሴት ልጃችን አባቷ መኪና ይወዳል ብላ የጥንት የእሽቅድምድም መኪኖች ኤግዚቢሽን ትኬት ገዛችልን። በዚያው ትኬት ፎቅ ላይ የፎቶ ኤግዚቢሽን እንደሚታይም ነገረችን።

«ፎቶ እቤትም አለ» አለ ባሌ።

መኪኖቹ ምድር ቤት ተኳኩለው ተደርድረዋል። ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲዞር ቆየና ቀይዋ ጋ ሲደርስ አመል አይለቅምና ጎኗን በጣቱ ኳ ኳ አደረጋት። ከቀለሙ ስር ስቱኮ ካለ ድምፁ ይታፈናል። አስጎብኚዋ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ አይነካም!»

«ተጋጭታ ታውቃለች።»

«ብትጋጭም አይነካም!»

እውነቷን ነው። «የሠራት ሰው ግን እጁ ይባረክ» አለ ባሌ። አስጎብኚዋ እንደማትገላገለው ሲገባት ደረጃውን አሳየችን።

ፎቅ ላይ ሌላ አገር ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ለዓመታት እየዞረ አንስቷል፤ ወገቡ የጎበጠ ተሸካሚ፣ እጇ የተላጠ አጣቢ፣ ጥርስ የሌለው አናጺ። ማንም አልተኳኳለም። ጥጉ ጋ ስደርስ ባሌን አየሁት። ከኋላዬ የሚመጣውን አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን።

በጋራዡ መስኮት በኩል ነው የተነሳው፤ መነሳቱንም አላወቀም። መኪናዋ የልጃችን ናት። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ መስታወት የላትም። ባሌ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። መዶሻው መሬት ላይ ነው።

መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እዚያ ውሃ የለም።

«እዚህ ውስጥ ገብተህ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት።

«ልጄ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከፎቶው ሳያነሳ። «ቁመቱ ረጅም አይደል? ስቀመጥበት እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ወንበሩን ወደ ፊት ልስበው እልና እጄ እምቢ ይለኛል። በማግስቱም ገባሁ። በየቀኑ ገብቼ እቀመጥና እወጣለሁ። እንጂ እንደዚያ ያለ ሥራ ይህን ያህል ቀን ይፈጃል?»

ሥራው ነበር የመሰለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም ቁጭ አለ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ሰው እያየን፣ ያለ ምንም ይሉኝታ።

የፎቁ ጥበቃ መጣ። «መሬት ላይ መቀመጥ አይፈቀድም።»

«ልጃችን ሞቶብን ነው» አለው ባሌ።

ጥበቃው ደነገጠ። «እኔን! መቼ?»

«ቆይቷል» አለ ባሌ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

ጥበቃው እሱን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ሄደና ሁለት ወንበር ይዞልን መጣ።