ክትሩ ያስቀረው አፈር

መካነ ኢየሱስ ከተማ መውጫ ካለው ድልድይ ላይ ቆሜ ቀይ ደራሽ ውሃ ሲወርድ ሳይ፣ የእርጥብ አፈሩ ሽታ አያቴን አመጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሁ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ስንዴና ዘይት እየሰጠ፣ የሰፈራችን ሰው ከማሳዎቻችን ግርጌ ባለው ቦረቦር ውስጥ ጎርፍ የሚያግድ የድንጋይ ክትር ሠራ። ክረምቱ ሲወጣ ከክትሩ ኋላ ጉልበት የሚደርስ ለም አፈር ተኝቶ ተገኘ። የገበሬ ማኅበሩም መሬት ላልነበራት ለታንጉት፣ ለጎረቤታችን ባልቴት ሰጣት።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ልትዘራ ስትል አያቴ እጄን ይዘው ወረዱ። ከአፈሩ ዘገኑና አሸተቱ።

«የኔ ነው» አሉ። «ከላይ ከማሳዬ የወረደ ነው። ሽታውን አላጣውም።»

«መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ የለም እንዴ፣ አባባ?» አለች ታንጉት።

«መሬቱስ ይሁን፤ አፈሩ ግን የኔ ነው!»

ታንጉት የዘር ቁናዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ይውሰዱት። በምን ተሸክመው እንደሚያወጡት አያለሁ።»

አያቴ ቀና ብለው ጭንጫ የሆነውን ማሳቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ቁናው ጎንበስ አሉ።

«ገብስ ነው?»

«ገብስ ነው።»

«ገብስ አይወድም። ስንዴ ዝሪበት። ከልጅነቴ ጀምሮ አርሼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

የዘገኑትን ግን አልደፉትም። እንደ ጨበጡት ዳገቱን ወጣን።

ይኸው ዛሬም ውሃው የሰው ማሳ ይዞ ከድልድዩ ሥር ያልፋል። አሸተትሁት፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልሁም።