የአሮጊቷ ጠፍር

ግድግዳዬ ላይ ከሚስማር የተንጠለጠለ አንድ የጠፍር ቁራጭ አለ። ደርቆ ቀንድ መስሏል፤ ክረምት ገብቶ ቤቱ ሲረጥብ ግን ለስለስ ይልና ይሸታል። የበሬ ቆዳ፣ የተቃጠለ ዘይትና የጋይንት አቧራ አንድ ላይ የተለወሱበት ሽታ ነው። የልጅ ልጆቼ ይጣል እያሉ ይነዘንዙኛል። አንተም ገና ስትገባ አፍንጫህን ስትይዝ አይቼሃለሁና፣ ቁጭ በል ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከአርብ ገበያ ደብረ ታቦር የምትመላለስ አንዲት የጭነት መኪና ነበረችኝ። ሹፌሯም ባለቤቷም እኔ ነበርኩ። ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት እንደሄደ ይነገራል፤ እኔ እጅ ስትገባ ስንተኛ ጌታዋ እንደሆንኩ የሚያውቅ አልነበረም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ታክቶት ከቆመ ቆይቷል። አገሬው «አሮጊቷ» ይላት ነበር። ራዲያተሯ ሲያፈስ የገብስ ዱቄት በጥብጬ አጠጣታለሁ፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የቤንዚን መያዣዋ ሲያንጠባጥብ በልብስ ሳሙና እመርገዋለሁ። ጠዋት ማኖቬላውን ፊቷ ላይ ሰክቼ ሳዞር፣ ሲያሻት ክንዴን መትታ ትጥለኛለች፣ ሲያሻት በአንዴ ትነሳለች። የትኛው ካንዴላ እሳት መስጠት እንዳቃተው በድምጿ ብቻ አውቅ ነበር። ስኮራ ሰማኸኝ? አዎ፣ እኮራለሁ። በዚያ መንገድ ላይ እሷን ማስነሳት የሚችል ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አልነበረም።

የአካባቢው ሰው ሁሉ ሲሳፈርባት አንድ አባቴ ብቻ ወጥተውባት አያውቁም። አባቴ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። እኔም ከተማሪዎቻቸው መካከል ስላደግሁ እንደ እነሱ «የኔታ» እላቸው ነበር። ድጓውን ትቼ መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ሰላምታ አልነፈጉኝም። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው ግን «እሱማ ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይወስዱታል። ተማሪዎቻቸውን «ልጄ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ እኔን በስሜ። ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ ዛሬም አልክድም።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ዓይናቸው ታመመ። በዚያው ሰሞን የዓይን ሐኪም ደብረ ታቦር እንደመጣ፣ ሳምንቱ ሲያልቅም እንደሚመለስ ተሰማ። በበቅሎ ተጉዘው አይደርሱበትም። ሽማግሌዎች ለምነው፣ ተማሪዎቹም አልቅሰው፣ በመጨረሻ አርብ ገበያ ድረስ መጡና ጋቢናዬ ውስጥ ተቀመጡ። ያን ዕለት አሮጊቷን እንደ ሙሽራ አጥቤያት ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ።

ከገበያው ብዙም ሳንርቅ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከኋላ እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸና መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘፍ አለች። ወርጄ ሳይ ጭነቱን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ባሌስትራ ለሁለት ተሰብሯል። ምትኩ አስመራ ነው ያለው። ያስጨነቀኝ ግን የብረቱ ጉዳይ አልነበረም። አባቴ ከዚያ በእግራቸው ከተመለሱ ሐኪሙ ያመልጣቸዋል፤ እኔም በእሳቸው ዘንድ ዕድሜ ልኬን ብረት ቀጥቃጭ ሆኜ እቀራለሁ።

መላውን አውቀዋለሁ። ሞፈር ሲሰነጠቅበት ገበሬው የሚያደርገውን ማድረግ ነው፤ በወይራ እንጨት ደግፎ በእርጥብ ጠፍር መጠፈር። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የያዘውን አይለቅም። ወይራው እዚያው ተቆረጠ። ቆዳው ግን ከየት ይምጣ? ሁዳዴ ነው፤ በአገሩ በሬ የሚያርድ ክርስቲያን የለም። ደረቅ ቆዳ እስኪርስ ቀናት ይፈልጋል፤ ውኃውም ያለው ገደል ስር ነው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የአርብ ገበያ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ ወንድሙ ቤት ለሠርግ በሬ መታረዱን፣ ቆዳው ገና እርጥብ መሆኑን ነገረኝ። «ሮጬ ባመጣው ደስ ባለኝ» አለ፤ «የኔታን ግን ፈራሁ።» ሹክሹክታው ለሌሎቹም ደረሰ። አንዷ እናት አማተቡ። አንድ ሽማግሌ፣ ጿሚ ካህን የተቀመጠበት መኪና ላይ የእስላም እርድ ቆዳ መታሰሩ አያምርም ብሎ አጉረመረመ። ሁሉም ወደ ጋቢናው ዞረ።

አባቴ ሰምተዋል። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወረዱና ነጋዴው ፊት ቆሙ።

«የምንጾመው እኛ ነን እንጂ መኪናዋ አይደለችም» አሉት። «ሂድ አምጣልን፣ እግዜር ይስጥህ።»

ሽማግሌው ራሱ ሳቀ። ነጋዴው ቆዳውን በአህያ ጭኖ ሲመለስ አሮጊቷን በክሪክ ከፍ አድርጌ ጠበቅሁት። ቆዳውን ሸንሽኜ፣ ወይራውን ከባሌስትራው ጋር አጣብቄ መጠቅለል ጀመርኩ። ጠፍሩን የሚስብልኝ ሰው ልጠራ ቀና ስል አባቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አጠገቤ ቆመዋል። ብራና ሲወጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክም እጃቸው ቆዳን ያውቃል። እኔ ከስር አዞራለሁ፤ እሳቸው እግራቸውን ጎማው ላይ ተክለው ይስባሉ። ጥቁሩ ዘይት ክንዳቸው ላይ ወረደ።

«ልብስዎ ተበላሸ፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ልብስ ይታጠባል። አጥብቀህ ያዝ።»

የመጨረሻውን ቋጠሮ እሳቸው ቋጠሩት። ሰዉ በየገበሬው ቤት አደረ፤ በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ ጠፍሩ ተኮማትሮ እንጨት ሆነ። አባቴ በመቋሚያቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው አዳመጡትና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክሪኩን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። አሮጊቷ አንዴ ቃትታ ቀጥ አለች። ዳገቱን ስንወጣ ነጠላው ከአፍንጫቸው ላይ ወርዶ ነበር። ደብረ ታቦር ሐኪሙ ሳይሄድ ደረስን፤ አንዱን ዓይናቸውንም አተረፈላቸው።

ባሌስትራው ከአስመራ እስኪመጣ በዚያ ጠፍር ስንት ጭነት ተመላለሰ። ሲመጣ ቋጠሮው አልፈታ ስላለኝ በቢላ ቆረጥኩት። ይኸው፣ የምታየው ቋጠሮ የእሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላም በፊቴ አላመሰገኑኝም፤ በስሜ መጥራታቸውንም አልተዉም። ግን አንድ ተማሪያቸው ከዓመታት በኋላ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ መንገዱ እስከ ቤተ ልሔም ከተጠረገ ወዲህ የአሮጊቷ ድምፅ ከዳገቱ በተሰማ ቁጥር የኔታ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ዜማው ይቆማል። «ልጄ ነው» ይላሉ። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል። እኔ በሞተሩ ጩኸት ተውጬ ይህን በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም።

ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ታቦር ነበር። ሌሊቱን ነድቼ ረፋድ ላይ ቤተ ልሔም ደረስኩ። አሮጊቷ ዳገቱን እንደ ወትሮዋ እየጮኸች ወጣችው። ደጁ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ጸጥ ብሏል፤ ተማሪዎቹ አስከሬኑን ከበው ዜማቸውን እንደ ልማዳቸው አቋርጠው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ፣

«ልጃቸው ነው» አለ።

ከዚያ ዜማው ቀጠለ።