ሮሳ የአጋርን ታሪክ ያነበበችልን እሑድ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ የነበረች የውጭ አገር ወጣት በስልክ በስፓኒሽ ስታወራ ሰማሁ። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አውቀዋለሁ። ሮሳ ከእናቷ ጋር የምታወራው እንዲሁ ነበር።

ሮሳ ሜክሲኳዊት ናት። እሪ በከንቱ ሰፈር በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ በአቅራቢያችን ባለ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። አማርኛ ቶሎ ለመደች፤ ቁልቁለታችንንም በዝናብ ጭቃ ሳይቀር እየዘለለች ትወርደው ነበር። እሑድ ከሰዓት እናቴ ሳሎን ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ እሷም አትቀርም። አንባቢው እኔ ነበርኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ስለሆንኩ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያደርጋል።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሠራተኛችን አልማዝ ዶሮ ወጡን ራሷ ሠርታ ስታበቃ አልበላም አለች። ለገናም እንዲሁ አድርጋ ነበር። እናቴ ንቀት ነው ብላ ደመደመች፤ በሚቀጥለው ሰኞ እንደምታሰናብታትም ነገረችኝ። እኔም ፍርዷን ላጠናክር ብዬ ለዳግማይ ትንሣኤ የሣራን አገልጋይ የአጋርን ታሪክ መረጥኩ። አንብቤ ስጨርስ፣ እመቤቷን የናቀች ሠራተኛ መጨረሻዋ በረሃ መሆኑን በሰፊው አብራራሁ። አልማዝ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

ሮሳ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። እናቷ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሰው ቤት ያጸዱ እንደነበር፣ ስማቸው ጓዳሉፔ ሆኖ ሳለ አሠሪያቸው ግን ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ማሪያ እያሉ ይጠሩ እንደነበር ነገረችን።

«እኛ ላቲኖዎች ይህን ታሪክ ከጓዳ ሆነን ነው የምናነበው» አለች። «አብርሃምም ሣራም አንድ ቀን በስሟ አልጠሯትም። በስሟ የጠራት መልአኩ ነው።»

ገጹን መልሼ አየሁት። እውነቷን ነበር። ስንቴ አንብቤው ልብ አላልኩትም! አፈርኩ፤ ሮሳን ግን ከልቤ አደነቅኋት።

«አልማዝ» የሠራተኛችን ስም አልነበረም፤ ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ነው፤ አዲስ ስም መልመድ ሰልችቶን ያንኑ አወረስናት። እናቴ ወደ በሩ ዞረች።

«ለመሆኑ እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማነው?»

«ዘይነባ፣ እትዬ።»

ከወሎ መምጣቷን እንጂ ሙስሊም መሆኗን አናውቅም ነበር። ክርስቲያን ያረደው ስለማይፈቀድላት ነው ያልበላችው፤ ብትናገር የምናባርራት መስሏት ዝም ብላለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አጋር እኮ እኛ ሙስሊሞች ዘንድ የተከበረች እናት ናት» አለች።

ሰኞ ጠዋት እናቴ አንድ ቀይ ዶሮ ታቅፋ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወደሚኖሩ ሙስሊም ወዳጃችን ወረደች። አሳርዳ አመጣችና በራሷ እጅ ለዘይነባ ሠራችላት።

ሮሳ የሥራ ውሏ ሲያልቅ አገሯ ገባች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለ አንባቢ ግን አልገጠመኝም። ዘይነባ እስክታገባ ድረስ ከኛ ጋር ኖረች፤ ዛሬም በየፋሲካው ትደውልልኛለች። ያን ምዕራፍ ለምን እንደመረጥኩት በዚህ ዓመትስ እነግራታለሁ እላለሁ። «እንኳን አደረሰህ ወንድሜ» ስትለኝ ግን አሜን ብዬ ዝም እላለሁ።