ጀግናውን የገደልኩ ዕለት

ስለ መተማ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ወደ ቴአትር መልሰን፣ ውጊያውን በትልቅ ስክሪን እያሳየን እዚያው መተማ ሜዳ ላይ አቀረብነው። ዕድሌ ሆኖ ለእኔ የደረሰኝ የጀግናው ገዳይ መሆን ነው። በጎራዴ መትቼ ስጥለው፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብድግ ብለው ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ጎራዴው ከእጄ አመለጠ።

«አባቴ፣ እኔኮ ተዋናይ ነኝ! ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት!»

«ዞር በል ወዲያ! አንተን ምን አደርግሃለሁ?»

አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስተው ደጋግመው ተኮሱ።

«እንዲህ ያለ ጀግና ያለ ጥይት ይሸኛል እንዴ?» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

ለካ እዚህ አገር ጀግና የሚቀበረው በተኩስ ነው! «አይዞህ፣ ለክብርህ ነው» ልለው ወደ ሟቹ ዞር ብል፣ የወደቀበት ቦታ ላይ ነጠላ ጫማው ብቻ ቀርቷል።